የሲስተር ልኬት በአራቱም ገጽ

ስፌት ቤቱ የእትዬ ነው። እትዬ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። እሱ ካረፈ ወዲህ ዝምድናችን ምን ተብሎ እንደሚጠራ እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ቤቴ መጥታ ሳሎን መሐል ቆመችና፣

«ስንት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር አስተምረሽ፣ አሁን ቁጭ ብለሽ ግድግዳ ታያለሽ። ግድግዳው እንደሆነ የትም አይሄድ። ተነሽና ለእኔ የሚረባ ነገር ሥሪልኝ» አለችኝ።

ተነሣሁ።

ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። እንደገቡ በስተቀኝ በመጋረጃ የተከለለች የመለኪያ ጥግ አለች። መሐል ላይ የጋሽ መቀስ ሰፊ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ከመስኮቱ ሥር ሁለት የስፌት መኪናዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ መጨረሻ ላይ ካውያውና ያለቀላቸው ልብሶች የሚሰቀሉበት ብረት አለ። ላፕቶፔን የካውያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩ። ሰው በተኮሰ ቁጥር እንፋሎቱ መነጽሬን ያለብሰዋል።

እትዬ ትለካለች። ጋሽ መቀስ ይቆርጣል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው፤ ከእትዬ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ሰፊዋን ሁላችንም ሬዲዮ እንላታለን። ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ ትከፈታለች፣ ማታ ቁልፉን ስትቆልፍ ትዘጋለች። ሁለተኛዋ መኪና ግን ዓመት ሙሉ ሰው አልተቀመጠባትም። ሥራ ሲቀዘቅዝ እትዬ አንዷን ሰፊ አሰናብታ ነበር፤ መኪናዋን አልሸጠቻትም፤ ዘወትር ጠዋት አቧራዋን ትጠርግላታለች።

የድሮው አሠራራቸው ቀላል ነበር። እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትጣራለች።

«ወገብ ሰማንያ ስምንት፣ የኔ ቆንጆ!»

«ሰማንያ ስምንት!» ይላል ጋሽ መቀስ ተቀብሎ፤ ከጠረጴዛው በላይ የተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፈዋል። ሰሌዳውን ቆራጩም ሰፊዋም ልብስ የሚተኩሰውም ያዩታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ችግሩ የመጣው ሬዲዮ አንድ ቀን ሰሌዳውን ተደግፋ ወሬ ስትጠርቅ ነው። ዘወር ስትል የሦስት ሰው ልኬት ጃኬቷ ጀርባ ላይ ታትሟል። ሁለቱን ከጃኬቷ ላይ አነበቡት። ሦስተኛው ሰውዬ ሱሪውን እንዲለካ ሁለተኛ ተጠራ፤ እየተነጫነጨ መጣ።

እኔም ለስልክ የሚሆን አፕ ሠራሁላቸው። ስልኩ አንድ ነው፤ በሪባን ታስሮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የባለቤቴ ስልክ ነበር። አንድን ስልክ ባዶ ማድረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ የስፌት ቤቱ ስልክ ሆነ።

አፑ አራት ገጽ አለው፤ የመለኪያ፣ የመቁረጫ፣ የስፌትና የማስረከቢያ። ሁሉም ስልኩ እጁ ሲገባ የራሱን ገጽ ከፍቶ ያያል። መጀመሪያ የሠራሁት ግን የሚያሳፍር ነበር። እትዬ የጻፈችውን ቁጥር የመለኪያው ገጽ ለመቁረጫው ያቀብላል፣ መቁረጫው ለስፌት፣ ስፌቱ ለማስረከቢያ፤ እያንዳንዱም የደረሰውን የራሱ ቅጂ አድርጎ ይይዘዋል። ተማሪዎቼ ቢሠሩት ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝባቸው ነበር። የራስ ሥራ ሲሆን ቀይ እስክሪብቶው ይጠፋል።

ጉዱ በሁለተኛው ሳምንት ወጣ። አንድ ርዕሰ መምህር ኮት አዞ ነበር፤ በማግስቱ ተመልሶ እጅጌው ሦስት ሳንቲ ይጠርልኝ አለ። እትዬ የራሷን ገጽ ከፍታ ስድሳ ሦስት የነበረውን ስድሳ አደረገችው። የሬዲዮ ገጽ ግን ቀድሞ የተቀበለውን ቅጂ ይዞ ስድሳ ሦስት እንዳለ ቀረ። ሰውየው ኮቱን ሲለብስ ጣቶቹ ጠፉ።

«ጠመኔ ስይዝ እጅጌዬም አብሮኝ ይጽፋል ማለት ነው?» አለ። ደግነቱ ሳቂታ ሰው ነበር።

ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ አፈረስኩት። በሦስተኛው ቀን ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰብስቤ አስረዳኋቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁን ቁጥሩ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ገጾቹ የራሳቸው የሚሉት ነገር የላቸውም፤ አራቱም ከዚያ አንድ ቦታ ነው የሚያነቡት። እትዬ ስድሳ ካደረገችው በዚያችው ቅጽበት በሁሉም ገጽ ስድሳ ነው።»

ጋሽ መቀስ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «አንድ ቦታ» አለ።

«አዎ።»

«ሁሉም የሚያየው።»

«ልክ ነው።»

«ከፍ ብሎ እንደ ተሰቀለ ሰሌዳ።»

«አዎ ጋሼ፣ እንደ ሰሌዳ አድርገው ያስቡት።»

«ታዲያ ሰሌዳው ምን አደረገሽ?»

ሬዲዮ እየሳቀች ስፒል የሰካችበትን ትራስ ጣለችው፤ ያን ቀን ከወለሉ ላይ ስፒል ስንለቅም ዋልን። ጋሽ መቀስም በልቡ ያለውን አልለቀቀም። ስልኩን በጨዋነት ያያል፣ «ጎሽ» ይላል፣ ከዚያ እትዬ ስትጣራ በጠመኔው ይጽፋል፤ የሚቆርጠውም ሰሌዳውን አይቶ ነው። አልተጣላሁትም። ሃያ ሁለት ዓመት ያየውን በአንድ ወር ተው ማለት አይቻልም።

ከዚያ የክሊኒኩ ሥራ መጣ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ክሊኒክ ለሃያ ነርሶቹ አዲስ ጋዋን ፈለገ። ይህን ይዛ የመጣችው ዋና ነርሷ ነች። ረጅም፣ ሞላ ያለች፣ ደረጃውን ስትወጣ መምጣቷ የሚታወቅ ሴት ናት። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ወንበር አቀረብንላት፤ ሳትቀመጥ ነገሩን በአጭሩ ጨረሰችው።

«ሃያውንም ይለኩ። የእኔን አስቀድመው ይስፉት፣ ሐሙስ ጠዋት መጥቼ እለብሰዋለሁ። ከተስማማኝ ሃያውም እዚህ ይሰፋል፣ በየዓመቱም እናንተው ናችሁ። ካልተስማማኝ ከፋብሪካ የተሰፋውን እንገዛለን። የፋብሪካው ቢያንስ ልኬ እንደማይሆን አስቀድሜ አውቃለሁ።»

እትዬ እስከ ደረጃው ሸኝታት ስትመለስ ባዶዋ መኪና አጠገብ ቆመች፤ መሽከርከሪያዋን በእጇ አንድ ዙር አዞረቻት። «ይህ ሥራ ከገባልን በዚያው ቀን ደውዬ እጠራታለሁ» አለች። የተሰናበተችውን ሰፊ ማለቷ ነበር። «ካልገባልን ግን እሷን መጥራት ቀርቶ ይቺንም መኪና እሸጣታለሁ። አቧራ መጥረግ ሰለቸኝ።»

የሃያ ሰው ልኬት ሰሌዳው ላይ አይገባም። ስለዚህ ሰሌዳው ወረደ። ያወረደው ራሱ ጋሽ መቀስ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ። እኔ ደግሞ የመምህርነት አመሌ ተነሣብኝና ንግግር አደረግሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ እውነቱ ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ማንም በራሱ አይጨምር፣ ማንም በራሱ አይቀንስ።»

«ሰምተናል፣ መምህርት» አለ ጋሽ መቀስ። በማግስቱ ማክሰኞ ጨርቅ ሊመርጥ ገበያ ወጣ፤ ነርሶቹ ሲለኩ አልነበረም።

እነሱ በአራት በአራት እየሆኑ መጡ። ሲስተር ከሁሉም ቀድማ ገባች። እትዬ በአንድ እጇ ሜትሯን፣ በሌላው ስልኩን ይዛለች፤ ሲስተር በእትዬ ትከሻ በኩል ወደ ስልኩ ታያለች። ከመጋረጃው ጀርባ የእትዬ ድምፅ እንደ ወትሮው ሞቅ ብሎ ይሰማ ነበር። «ዳሌ መቶ አራት፣ የኔ እመቤት!»

ጋሽ መቀስ የሲስተርን ጋዋን ረቡዕ ቆረጠው፤ ሬዲዮ እስከ ማታ ሰፍታ ቁልፍ ተከለችበት። ጊዜ እንዳይባክን ብሎ የሌሎችንም አራት ነርሶች ቆረጠ። ጨርቁ ሰማያዊ ነው፣ ወፍራምና ለስላሳ። ስተኩሰው ደስ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር መጥታ ጋዋኑን ይዛ መጋረጃው ውስጥ ገባች። እኛ ውጭ ቆመን ጠበቅን። ትንሽ ቆየች። ከዚያ አሁንም ቆየች።

«ሲስተር፣ እንዴት ነው?» አለች እትዬ።

«ከላይ ደህና ነው» አለ ድምፅ ከውስጥ። «ከታች ያሉት ሦስቱ ቁልፎች ግን ከጓደኞቻቸው ጋር የተጣሉ ይመስላል።»

መጋረጃውን ገለጠችው። እውነቷን ነው። ደረቱ ልክክ ብሏል፣ ትከሻው ሸጋ ነው፣ ከወገብ በታች ግን ሁለቱ የጨርቅ ጠርዞች አራት ጣት ተራርቀው ቆመዋል።

«ጨርቁ ነው!» አለች እትዬ ቶሎ ብላ። «ውሃ ነክቶት ሰብሰብ ብሏል።»

«ጨርቁ ምን አደረገ?» ጋሽ መቀስ መቀሱን አስቀመጠ። «አጥቤ፣ አድርቄ፣ ተኩሼ ነው የምቆርጠው! የሚሰበሰበውን ተሰብስቦ ነው የጨረሰው!»

«ጋሼ፣ ቀስ» አለች ሬዲዮ።

ሲስተር አንዴ እሱን አንዴ እትዬን አየች። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ ያ ነው የባሰው። የለመደች ትመስል ነበር። ልብሷን ቀይራ ወጣችና ጋዋኑን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ነገ ጠዋት እመለሳለሁ። ነገም እንዲህ ከሆነ ለፋብሪካው እደውላለሁ፤ አትቀየሙኝ።»

ደረጃውን ስትወርድ እያንዳንዱን እርምጃዋን ሰማን።

ማንም ከመናገሩ በፊት እኔ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ቁጥሩ የሆነ ቦታ ተሳስቶ፣ አንዱ ገጽ የድሮ ቅጂ ይዞ ቀርቶ መሆን አለበት። አራቱንም ገጾች አንድ በአንድ አየሁ። የመለኪያ፣ መቶ አራት። የመቁረጫ፣ መቶ አራት። የስፌት፣ መቶ አራት። የማስረከቢያ፣ መቶ አራት። ጋዋኑንም በሜትር ለካሁት። ለመቶ አራት ዳሌ በትክክል የተሰፋ ነው።

«አፑ ደህና ነው» አልኩ፤ ራሴም አላመንኩም። «ቁጥሩ በሁሉም ቦታ አንድ ነው።»

«እንግዲያው ሲስተር ከማክሰኞ ወዲህ ወፍራለች» አለች ሬዲዮ።

ጋሽ መቀስ አልሳቀም። ቀስ ብሎ ወደ እትዬ ዞረ።

«ስትለኪያት ምን ብለሽ ጠራሻት?»

«ማንን?»

«ሲስተርን።»

እትዬ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ትጠቀልል ጀመር። «የኔ እመቤት ነዋ። ምን ልበላት ታዲያ?»

ጋሽ መቀስ ዓይኑን ጨፈነ። «ስምንት» አለ።

«የምን ስምንት?» አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ። ወላጆቻቸው ፊት የቆሙ ልጆች ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ የተናገረችው እትዬ ናት።

«መጋረጃ ጨርቅ ነው፣ ግንብ አይደለም። እዚህ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው አለ። የትኛዋ ሴት ናት ዳሌዋ መቶ አሥራ ሁለት ተብሎ ሲለፈፍ ደስ የሚላት? ስለዚህ አሳንሼ እጣራለሁ። የኔ ቆንጆ ካልኩ አራት ጨምር ማለት ነው። የኔ እመቤት ካልኩ ስምንት። እሱ ያውቃል።»

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለ ጋሽ መቀስ። «ሰሌዳው ላይ የተባለውን እጽፋለሁ፣ ጨርቁ ላይ እውነቱን እቆርጣለሁ። ማክሰኞ ግን እኔ አልነበርኩም። እመቤትነቷ እኔ ጋ አልደረሰም።»

«ቆይ፣ ቆይ» ሬዲዮ ከወንበሯ ተነሣች። «እትዬ፣ የሠርጌን ቀሚስ ሲለኩኝ የኔ ቆንጆ ብለውኝ ነበር!»

«ቆንጆ ስለሆንሽ ነው።»

«ጋሼ! ስንት ጨመሩ?»

ጋሽ መቀስ የመቀሱን ስለት በአውራ ጣቱ መፈተሽ ያዘ።

እኔ ግን መሳቅም መናደድም አቅቶኝ ቁጭ አልኩ። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መች ጠየቅሽን?» አለች እትዬ። «ቁጥሩን ብቻ ነው የጠየቅሽው። ደግሞስ ሴትየዋ ዓይኗን ስልኩ ላይ ተክላ፣ መቶ አሥራ ሁለት ብዬ ልጻፍ?»

«አይጨምር፣ አይቀንስ ያልሽውም አንቺ ነሽ» አለ ጋሽ መቀስ፤ ክፋት አልነበረበትም።

ልክ ነበሩ። ውሸቷን ቁጥር አፌን ሞልቼ እውነት ናት ብያታለሁ፤ አፑም ታዛዥ ሆኖ አንድ ሳያዛንፍ በአራት ገጽ አዳርሷታል። ሰሌዳውም እንዲሁ የተባለውን ብቻ ነበር የሚያሳየው። ልዩነቱ፣ ሰሌዳውን የሚያነበው ሰው የእትዬን ድምፅ ይሰማ ነበር። ስልኩ ማቆላመጥ አይሰማም።

ያን ቀን ምሳ የበላነው ቆመን ነው።

መጀመሪያ የነርሶቹን እውነተኛ ልኬት ማግኘት ነበረብን፤ እንደገና ይለኩ ብሎ መጥራት ደግሞ አይታሰብም። እትዬ ባዶዋ መኪና ወንበር ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፍና ታስታውስ ጀመር። እኔ ከስማቸው ትይዩ እጽፋለሁ።

«ጉንጯ ስርጉድ የሚለው፣ ቆንጆ። መነጽር ያደረገችው ቀጭኗ፣ ምንም አላልኳትም። ረጅሟ፣ እሷም ምንም። እየሳቀች ገብታ እየሳቀች የወጣችው፣ እመቤት። እህቷን አስከትላ የመጣችው…» አሰበች። «ቆንጆ። እህቷንም ቆንጆ ብያታለሁ፣ እሷ ግን አትቆጠርም።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት።

«የሰው ስም እረሳለሁ፣ የባልሽን የልደት ቀን እንኳ በየዓመቱ እረሳ ነበር። የለካሁትን ወገብ ግን አልረሳም።» ወዲያው ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ። እኔ ወደ ላፕቶፑ አጎንብሼ፣ «ቀጥዪ፣ ስድስተኛዋ» አልኩ። ቀጠለች።

ሃያውም ሲያልቁ ስድስት ቆንጆና ሦስት እመቤት ወጡ። ከተቆረጡት ውስጥ የሚያሳስቡት የሲስተርና የሳቂታዋ ሆኑ። ጋሽ መቀስ የሲስተርን ጋዋን ገለበጠ፣ ጎኑን ዳሰሰ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞት ሄዶ ቆመ።

«ትርፉን ብለቀው ሦስት ሳንቲ አገኛለሁ። አይበቃም» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «በሁለቱም ጎን ፈትቼ ከብብት እስከ ታች ረጅም ቁራጭ አስገባለሁ። መጠገኛ እንዳይመስል ቁራጩ ላይ ጠለቅ ያለ ኪስ እሠራለታለሁ። ነርስ አይደለች? የምትይዘው አታጣም።»

«የሁሉንም እንደዚያ ብንሠራስ?» አለች ሬዲዮ። «ያኔ ጥገና መሆኑ ቀርቶ ሞዴል ይሆናል።»

ጋሽ መቀስ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን በአክብሮት ሲያያት አየሁ።

እኔ በበኩሌ ወደ አፑ ተመለስኩ። ችግሩ ግልጽ ነበር። እትዬ የምታሳየው ቁጥርና ጋሽ መቀስ የሚቆርጠው ቁጥር አንድ አይደሉም፤ ሁለቱም ደግሞ ያስፈልጋሉ። የመለኪያው ገጽ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ አበባ አደረግሁ። እትዬ የጨዋነቱን ቁጥር ትጽፍና አበባዋን ትነካለች፤ አንዴ ከነካቻት አራት፣ ሁለቴ ከነካቻት ስምንት ይደመራል። ደንበኛዋ የምታየው ቁጥሩንና አበባዋን ነው። ሁሉም ገጽ የሚያነብበት ቦታ ላይ የሚቀመጠው ግን ተደምሮ ያለቀው እውነተኛ ልኬት ነው።

«ደምሮ ነው የሚሰጠኝ?» አለ ጋሽ መቀስ።

«ደምሮ።»

«እንግዲያው በትልቁ ጻፊልኝ፣ ተደምሯል ብለሽ። እሱም ደምሮ እኔም በልማዴ ከደመርኩ ሲስተር ድንኳን ነው የምትለብሰው።»

በትልቁ ጻፍኩለት።

አርብ ጠዋት ሲስተር በሰዓቷ መጣች። ጋዋኑን ተቀብላ መጋረጃው ውስጥ ገባች። በዚህ ጊዜ ማንም አልጠየቃትም። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ሲቆለፉ የምንሰማ ይመስል ሁላችንም ጆሯችንን አቁመናል። ሬዲዮ በከንፈሯ ትቆጥር ነበር። ሰባት ላይ ስትደርስ መጋረጃው ተገለጠ።

ልክክ ብሏል። ሲስተር ወደ መስታወቱ ሄደች፣ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ጎንበስ ብላ ወለሉን ነካች። እጇን የጎኑ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ እስከ አንጓዋ ገባ።

«ይሄ ኪስ ትናንት አልነበረም።»

«ሞዴሉ ነው» አለች ሬዲዮ።

«መቀሴም፣ ፋሻዬም፣ ስልኬም ይገባበታል» አለች ሲስተር ለራሷ። ወደ እኛ ዞረች። «ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። የት ነው የምፈርመው?»

እትዬ ደስታዋ ከእግሯ ቀድሞ ስልኩን አንሥታ የማስረከቢያውን ገጽ ከፍታ ሰጠቻት። እዚያ ገጽ ላይ ደንበኛው የልብሱን ዓይነትና ልኬቱን አንብቦ በጣቱ ይፈርማል። ልኬቱን አንብቦ። ይህ ትዝ ያለኝ ስልኩ ሲስተር እጅ ከገባ በኋላ ነው። አራቱም ገጽ እውነቱን ያነባሉ ብዬ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አራተኛው ደግሞ ይኸው ነው። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ፣ ግን ምን ብዬ ልቀማት?

ሲስተር መነጽሯን አደረገች።

«ዳሌ» ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «መቶ አሥራ ሁለት።»

ሬዲዮ ጠፋች። እኔ ካወቅኋት ጀምሮ ማታ ሳይሆን ስትዘጋ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጋሽ መቀስ ጠረጴዛው ላይ ያልነበረ ክር ያነሣ ጀመር።

«ስልኩ እኮ ሲስተር…» አለች እትዬ።

«ማክሰኞ መቶ አራት ነበር የጻፉልኝ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ማክሰኞ… አዎ።»

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች። «ትናንት ቤቴ ስገባ ራሴን ለካሁ። ስንት እንደሆነ ያውቃሉ?»

ስልኩን ወደ እኛ አዞረችው።

«መቶ አሥራ ሁለት።» አየር ስባ ተነፈሰች፤ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ለካ እየሳቀች ነው። «እኔ ሦስት ልብስ ሰፊ ቀይሬያለሁ። ሁሉም ያቆላምጡኛል፤ ማናቸውም የሚዘጋ ልብስ ሰፍተውልኝ አያውቁም። ዛሬ ስመጣ ደግሞ ጨርቁ ሰብሰብ አለ የሚል ሌላ ታሪክ እሰማለሁ ብዬ ነበር። እናንተ ግን ልኬን አግኝታችሁ፣ ጽፋችሁ፣ አስፈርማችሁ ልትሰጡኝ!»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ጋሽ መቀስ በከባድ ድምፅ፤ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው የታሰበበት ይመስል።

እትዬ በዓይኗ ወጋችው። ሲስተር ግን ጣቷን ስልኩ ላይ አሳርፋ በረጅሙ ፈረመች።

«ሃያውንም ስፏቸው» አለች። «አንድ ነገር ብቻ። ልጆቹ ሲመጡ ይህን ገጽ እንዳታሳዩአቸው። እኔ አርጅቻለሁ፣ አይከፋኝም። ያቺ ስትስቅ የምትውለዋ ግን ይህን ብታይ ሳምንት ሙሉ ምግብ ትተዋለች፤ የምትሠራ እንጂ የታመመች ነርስ አልፈልግም።»

«አሁኑኑ» አልኩና ላፕቶፔ ጋ ሮጥኩ። ሥራው ቀላል ነበር። ልኬቱ እዚያው አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ቆራጩና ሰፊዋ ያዩታል፤ የማስረከቢያው ገጽ ግን የልብሱን ዓይነትና ስም ብቻ ያወጣል። ሁሉም ያንብብ ማለት ሁሉም ያሳይ ማለት አይደለም። ይህን ስንት ዓመት ለተማሪዎቼ ተናግሬዋለሁ።

ከኋላዬ እትዬ ስልክ ደውላ ስታወራ ይሰማኛል። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እሺ? መኪናሽ እንደ ነበረች ናት።» ሬዲዮ ተከፍታ ከደረጃው በታች እስከሚሰማ እያወራች ነው። ሲስተር ጋዋኑን ሳታወልቅ፣ ጠቅልላ በያዘችው አሮጌ ልብሷ በሩን ገፍታ ከፍታ ልትወጣ ስትል ተመለሰች።

«ኪሱን ግን በግራዬ አጥልቁልኝ፤ የቀኙ ይጠር። እኔ በግራ እጄ ነው የምሠራው። የሌሎቹ እንዳለ ይሁን።»

«ምን ችግር አለው፣ ሲስተር» አለ ጋሽ መቀስ፣ ጠመኔውንም ፈልጎ ሲያጣ ወደ እኔ ዞረ። «መምህርት፣ ይህንን ጻፊልኝ።»

ከልኬቷ ሥር አዲስ መስመር ከፍቼ «በግራ እጇ የምትሠራ» ብዬ አስገባሁት። አፑ የቱ ገጽ ላይ ይውጣ ብሎ ሲጠይቀኝ ትንሽ አሰብኩ፤ ከዚያ አራቱንም መረጥኩ። ይህን ማንም ቢያየው አይከፋም።